ልጆች አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን አውቀው እንዲያነቡ፦ በሃይላንድ ክዳን የሚሠራ የፊደል ጨዋታ

"ሲ ኤ ቲ ካት፣ ካት ማለት ድመት" ብሎ በዜማ የሚወርድ ልጅ በየብሎኩ አለ። እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቆም ብትሉ ከላይም ከታችም የሚሰማው ይሄው ነው። ግን ያንኑ ልጅ ጥሩትና ሲን በጣታችሁ ሸፍናችሁ በሷ ቦታ ኤች አድርጉለትና አንብብ በሉት፣ ብዙው ዝም ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ካትን የያዘው በጆሮው ነው እንጂ በአይኑ አይቶ አላነበበውም። የልጁ ጥፋት አደለም፣ ስንፍናም አደለም፣ ቃላቱ ሲሰጡት ዛሬ ድመት ነገ መኪና ከነገ ወዲያ ዝሆን እየተባለ ነው፣ አንዱን ከአንዱ የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔ የማምንበት መንገድ ፊደል የሚጋሩ አጫጭር ቃላትን አንድ ላይ መስጠት፣ በአንዴ አንድ ፊደል ብቻ መቀየር፣ ትርጉሙን ደሞ እዛው በአማርኛ ማስያዝ ነው። ለዚ አስጠኚ መቅጠር አያስፈልግም፣ እናትም ትሁን ታላቅ እህት ወይ ጎረቤት፣ እንግሊዝኛ ባትናገር እንኳ ኤቢሲዲን ለይታ ካወቀች ይበቃል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላቸው ስም ነው የምጽፋቸው፣ ሲ-ኤ-ቲ እያልኩ፣ እናንተ ወረቀት ይዛችሁ በእንግሊዝኛው ፊደል እየጻፋችሁ ተከተሉኝ። እንደዚ ያደረኩት በምክንያት ነው። ኤች-ኤ-ቲ ባርኔጣ ነው፣ ኤች-ዩ-ቲ ጎጆ ነው፣ ሁለቱንም በኛ ፊደል ስንጽፋቸው ግን ሁለቱም "ሃት" ሆነው ቁጭ ይላሉ። ሲ-ኤ-ፒ ኮፍያ፣ ሲ-ዩ-ፒ ኩባያ፣ ሁለቱም "ካፕ"። ስለዚ ልጁ ደብተሩ ላይ ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ አነባበቡን በአማርኛ ፊደል እየጻፈ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሙት፣ አይኑ ሁሌ ወደለመደው ፊደል ስለሚሄድ እንግሊዝኛውን ጭራሽ አያየውም፣ በአማርኛ መጻፍ ያለበት ትርጉሙን ብቻ ነው።

ክዳኑን ማዘጋጀት

60 የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ያስፈልጋችኋል። ብዙ ይመስላል ግን ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ የብሎክ ስብሰባ ላይ በአንድ ቀን የሚጣለው ከዚ ይበልጣል፣ ባዶ ፕላስቲኩን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ክዳኑን ማስቀረት ነው። ክዳን ካልተገኘ የኢንዶሚ ወይ የብስኩት ካርቶን 3 በ3 ሴንቲ ሜትር እየተደረገ ተቆርጦም ይሆናል፣ ችግሩ ካርቶን በልጅ እጅ ቶሎ ይቦጫጨቃል።

ክዳኑን በሳሙና እጠቡትና በደንብ ይድረቅ፣ ፕላስቲኩ ላይ ወዝ ካለ ማርከሩ አይዝም። ከዛ በማይለቅ ማርከር ጀርባው ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፉ። ትልቁን ሳይሆን ትንሹን ፊደል ጻፉ፣ ምክንያቱም መጽሐፍ ውስጥ የሚያጋጥማቸው በብዛት ትንሹ ነው። እና ከፊደሉ ስር ሰረዝ አስምሩ፣ ይሄን እንዳትረሱ፣ ክዳን ክብ ስለሆነ ዞሮ ሲቀመጥ ትንሿ ቢ ኪው ትመስላለች፣ ዲ ፒን ትመስላለች፣ ኤን ዩን ትመስላለች፣ ሰረዙ ካለ ግን የቱ ጋ ታች እንደሆነ ልጁ ወዲያው ያያል። በመጨረሻ ከላዩ ላይ ግልጽ ስኮች ለጥፉበት፣ አለበለዚያ የልጅ እጅ ላብ በትንሽ ጊዜ ያጠፋዋል። ቤት ውስጥ የሚድህ ህጻን ካለ ደሞ ጨዋታው እንዳለቀ ክዳኑ ተለቅሞ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ጉሮሮ ላይ የሚሰካ ነገር ነው።

የትኛው ፊደል ስንት ይሁን

ሁሉም ፊደል እኩል አይፈለግም። ስክራብል የሚባለውን የቃላት ጨዋታ የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ ስራ አጥቶ በነበረበት ጊዜ ጋዜጣ እየዘረጋ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጥሮ ነው የፊደሉን ብዛት የወሰነው። የሱ ጨዋታ 100 ጠጠር አለው፣ ኢ ብቻዋን 12 ናት፣ ኤና አይ 9 9 ናቸው፣ ኪው ዜድ ኤክስ ጄና ኬ ግን አንድ አንድ ብቻ። እኛ አጫጭር ቃል ስለሆነ የምንሠራው 60 ይበቃናል፣ እኔ የምጠቀመው እንደዚ ነው፦ ኤ 5፣ ኢ 5፣ አይ 4፣ ኦ 4፣ ዩ 3፣ ቲ 4፣ ኤን አር ኤስ 3 3፣ ኤል ዲ ጂ ቢ ፒ ኤም ሲ ኤች 2 2፣ የቀሩት ኤፍ ደብሊው ዋይ ኬ ቪ ጄ ኤክስ ኪው ዜድ አንድ አንድ፣ እና አንድ ምንም ያልተጻፈበት ክዳን የፈለጉትን ፊደል ተክቶ የሚገባ።

ስሙ ሌላ ድምፁ ሌላ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ፣ ልጆች የሚጠፉት እዚህ ነው። በኛ ፊደል የፊደሉ ስምና ድምፁ አንድ ነው፣ "በ" ስሟም በ ነው ድምጿም በ ነው፣ አናባቢዋንም እዛው ይዛለች። እንግሊዝኛ ላይ ግን ደብሊው ስሙ ረጅም ነው ድምፁ "ው" ብቻ ናት፣ ኤች ስሙ ውስጥ ድምፁ ጭራሽ የለም። ከሁሉም የሚብሱት አምስቱ አናባቢዎች ናቸው። ኤ ስሟ ኤ ነው፣ አጭር ቃል ውስጥ ስትገባ ግን ድምጿ በራብዕና በኃምስ መሀል ነው፣ በባና በቤ መሀል እንደማለት። ኢ ስሟ ኢ ሆኖ ድምጿ ኃምስ ነው፣ ቤ። አይ ስሟ አይ ሆኖ ድምጿ አጠር ያለ ሣልስ ነው፣ ቢ። ኦ ብዙ አታስቸግርም። ዩ ደሞ ድምጿ የኛን ግዕዝ ትመስላለች፣ በ፣ ከ፣ ረ፣ ስለዚ ሲ-ዩ-ፒ ከ"ካፕ" ይልቅ "ከፕ" ብላችሁ ብታነቡት ይቀርባል።

ይሄን ያልተነገረው ልጅ እስክሪብቶን በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ድምፁን ኤ ብሎ ይሰማና ስሟ ኤ የሆነችውን ይጽፋል፣ ፒ-ኤ-ኤን፣ ይሄ ደሞ መጥበሻ ነው። እስፒል ጻፍ ሲባል ኢ ብሎ ይሰማና ፒ-ኢ-ኤን ይጽፋል፣ እሱ ነው እስክሪብቶ። የልጁ ጆሮ ልክ ነው የሰማው፣ የተሳሳተው ስምን ከድምፅ ስላልለየ ብቻ ነው። ስለዚ ክዳኑን ስታሳዩት ሁለቱንም ንገሩት፣ "ስሟ ኢ፣ ስትሠራ ኤ ትላለች"፣ እንደዚ እየተባለ አምስቱ አናባቢ በየቀኑ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንዴ ይዘለቅ።

የመጀመሪያው ቤተሰብ

ኤና ቲን በስኮች አጣብቋቸው፣ አንድ አካል ይሁኑ። ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ በድምፅ ያንብብ። ከዛ ከፊታቸው አንድ ክዳን ብቻ እየቀያየራችሁ አስነብቡት፦ ሲ-ኤ-ቲ ድመት፣ አር-ኤ-ቲ አይጥ፣ ቢ-ኤ-ቲ የሌሊት ወፍ፣ ኤች-ኤ-ቲ ባርኔጣ፣ ኤም-ኤ-ቲ ምንጣፍ፣ በተለይ በር ላይ እግር የሚጠረግበት፣ ኤፍ-ኤ-ቲ ወፍራም ወይ ስብ፣ ኤስ-ኤ-ቲ ተቀመጠ፣ ፒ-ኤ-ቲ ቸብ ቸብ ማድረግ። ልጁ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይገባዋል፣ ሳትነግሩት ራሱ ክዳን እያነሳ መሞከር ይጀምራል፣ ትርጉም የሌለው ነገርም ይሠራል፣ ይሥራ፣ አንብቦታል እኮ፣ "ይሄ ቃል አደለም" ብላችሁ ማለፍ ነው።

በአንድ ቀን አንድ ቤተሰብ ይበቃል። ቀጥሎ ኤ-ኤን፦ ኤም-ኤ-ኤን ሰው ወይ ወንድ፣ ሲ-ኤ-ኤን መቻል፣ ቆርቆሮ ጣሳም ነው፣ ኤፍ-ኤ-ኤን ማራገቢያ፣ ቪ-ኤ-ኤን ሚኒባስ መሳይ መኪና፣ አር-ኤ-ኤን ሮጠ። ከዛ ኢ-ኤን፣ ኢ-ዲ፣ አይ-ጂ፣ ኦ-ቲ፣ ዩ-ጂ እያላችሁ መሄድ ነው። ኢ-ዲ ላይ ቢ-ኢ-ዲ አልጋ፣ አር-ኢ-ዲ ቀይ፣ ኤፍ-ኢ-ዲ መገበ። አይ-ጂ ላይ ቢ-አይ-ጂ ትልቅ፣ ዲ-አይ-ጂ መቆፈር፣ ፒ-አይ-ጂ አሳማ። ዩ-ጂ ላይ ጄ-ዩ-ጂ፣ እሱ እቤት ያለው ጆግ ነው፣ ኤም-ዩ-ጂ እጀታ ያለው ትልቅ ኩባያ፣ ቢ-ዩ-ጂ ትንሽ ነፍሳት፣ ኤች-ዩ-ጂ ማቀፍ። ደብተር ላይ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ገጽ ስጡ፣ በግራ ቃሉ በቀኝ ትርጉሙ።

መሀሉን መቀየር

ከፊት መቀየር ቀላል ነው፣ መሀል መቀየር ነው ፈተናው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደውም ይሄን ክፍል ነው። መጥበሻ፣ እስክሪብቶና እስፒል ወለሉ ላይ ደርድሩ። ፒና ኤን ክዳን መሀላቸው ባዶ ሆኖ ይቀመጥ። እናንተ አንዱን ቃል ትጠራላችሁ፣ ልጁ መጀመሪያ እቃውን ያነሳል ከዛ ትክክለኛውን አናባቢ መሀል ያስገባል። ኤ ከሆነ መጥበሻ፣ ኢ ከሆነ እስክሪብቶ፣ አይ ከሆነ እስፒል። መጀመሪያ ላይ ያምታታል፣ እስክሪብቶውን አንስቶ የመጥበሻውን ፊደል ያስገባል፣ ያኔ ቶሎ ብላችሁ አታርሙት፣ "ያስገባኸውን አንብብልኝ" በሉት፣ ሲያነበው ራሱ ይሰማውና እጁ ወደ ሌላው ክዳን ይሄዳል። ከዛ ቦታ ቀይሩ፣ እሱ ይጥራ እናንተ አስገቡ፣ አንዳንዴ ደሞ አውቃችሁ ተሳሳቱለት፣ እንዴት ደስ እንደሚለው።

ሌሎች ለዚ የሚሆኑ፦ ኤች-ኤ-ቲ ባርኔጣ፣ ኤች-አይ-ቲ መታ፣ ኤች-ኦ-ቲ ሙቅ፣ ኤች-ዩ-ቲ ጎጆ። ቢ-ኤ-ጂ ቦርሳ፣ ቢ-ኢ-ጂ መለመን፣ ቢ-አይ-ጂ ትልቅ፣ ቢ-ኦ-ጂ ረግረግ፣ ቢ-ዩ-ጂ ነፍሳት፣ ይሄኛው አምስቱንም አናባቢ ያስተናግዳል።

የቁቤ ልጆች

እኛ ጋ፣ በገላንም በኮዬ ፈጬም በቡራዩም በሰበታም፣ አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ የሚማርና አፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ አብረው ነው የሚጫወቱት። አፋን ኦሮሞ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ነው፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለዚ እነዚ ልጆች ፊደሉን ያውቁታል፣ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ እንደሚጻፍም ያውቃሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የአማርኛው ልጅ ገና የሚታገልበትን እነሱ አልፈውታል። ግን ቁቤ ላይ ሲ ብቻዋን "ጭ" ናት፣ ጨፌ የሚጻፈው በሷ ነው። ኤክስ "ጥ" ናት፣ ጤፍ በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ በኤክስ ይጀምራል። ኪው "ቅ" ናት፣ ቀርሺ በኪው ነው። ስለዚ የቁቤ ልጅ ቢ-ኦ-ኤክስን "ቦጥ" ብሎ ቢያነብ፣ ኤስ-አይ-ኤክስን "ሲጥ" ቢል፣ ሲ-ዩ-ፒን "ጩፕ" ቢል እንዳትስቁበት ሌሎቹም ልጆች እንዲስቁ አትፍቀዱ፣ በሚያውቀው ህግ በትክክል ነው ያነበበው። "በቁቤ ልክ ነህ፣ በእንግሊዝኛ ደሞ እንደዚ ትባላለች" ብላችሁ ሦስቱን ፊደልና ዩን ብቻ ለይታችሁ አሠሩት። ከአማርኛው ልጅ ጋር ጥንድ አድርጉት፣ አንዱ አንዱን ያስተምራል።

አስቸጋሪዎቹ ፊደላት

ኤክስ በእንግሊዝኛ አንድ ሆና ሁለት ድምፅ ናት፣ "ክስ"፣ እና በአጭር ቃል ውስጥ መጨረሻ ላይ ነው የምትወደው። ኦ-ኤክስ በሬ፣ ቢ-ኦ-ኤክስ ሳጥን ወይ ካርቶን፣ ኤፍ-ኦ-ኤክስ ቀበሮ፣ ኤስ-አይ-ኤክስ 6፣ ኤም-አይ-ኤክስ መቀላቀል፣ ኤፍ-አይ-ኤክስ መጠገን፣ ደብሊው-ኤ-ኤክስ ሰም፣ ቲ-ኤ-ኤክስ ግብር። ጄ ደሞ መጀመሪያ ላይ ናት፣ ጄ-ኦ-ቢ ስራ፣ ጄ-ኤ-ኤም ማርማላታ፣ ጄ-ኢ-ቲ ጄት፣ ጄ-ኦ-ዋይ ደስታ። ዜድ ላይ ዜድ-አይ-ፒ ዚፕ፣ ዜድ-ኦ-ኦ የእንስሳት ማቆያ።

ኪው ከኋላዋ ሁሌ ዩን ታስከትላለች፣ ለትንንሾቹ ይሄን ብቻ ንገሯቸው፣ ኪው-ዩ-አይ-ቲ መተው፣ ኪው-ዩ-አይ-ዜድ ኩዊዝ፣ አጭር ፈተና። ለትልልቆቹ ግን ያለ ዩ የሚሄዱም አሉ፣ የስክራብል ተጫዋቾች በቃላቸው የሚይዟቸው፦ ኪው-አይ፣ "ቺ" ተብሎ የሚነበብ፣ ቻይኖች የህይወት ጉልበት የሚሉት፣ እና ኪው-ኤ-ቲ ጫት። ከኛ አገር የገቡም በስክራብል መዝገበ ቃላት ውስጥ አሉ፣ ቲ-ኢ-ኤፍ ጤፍ፣ ኤፍን ደግመው ቢጽፏትም ያስኬዳል፣ ቢ-አይ-አር-አር ብር፣ አር-ኤ-ኤስ ራስ፣ የማዕረጉ። የ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆች እነዚን ሲያዩ በጣም ነው የሚነቁት።

መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ኢ

አጫጭሮቹ ሲለመዱ ኢን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ራሷ አትነበብም፣ መሀል ያለችውን አናባቢ ግን ስሟን እንድትጠራ ታደርጋለች። ቲ-ኤ-ፒ የውሃ ቧንቧ ነው፣ ኢ ሲጨመር ፕላስተር ወይ ስኮች ይሆናል። ሲ-ኤ-ፒ ኮፍያ፣ ኢ ሲጨመር ካባ። ኤች-ኦ-ፒ በአንድ እግር መዝለል፣ ኢ ሲጨመር ተስፋ። ኤን-ኦ-ቲ አይደለም፣ ኢ ሲጨመር ማስታወሻ። ኤች-ኤ-ቪ-ኢ፣ ጂ-አይ-ቪ-ኢ፣ ሲ-ኦ-ኤም-ኢ ህጉን አያከብሩም፣ አለኝ፣ መስጠት፣ መምጣት፣ እነሱን ለብቻ ግድግዳ ላይ ለጥፉና በእይታ ይያዙ።

ማታ ማታ ጨዋታው

ክዳኑን ሁሉ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ክተቱ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሳያይ 7 ያወጣል። በተራ ቃል ይሠራል፣ ቃሉን ያነባል፣ ትርጉሙን በአማርኛ ወይ በአፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ ትርጉሙን ካላወቀ ነጥብ የለም፣ እዚህ ላይ ጨከን በሉ፣ ቃል ያለ ትርጉም እየለቀሙ ማሸነፍ ከተለመደ መጨረሻው ያው ዜማ ነው። የተጠቀመበትን ያህል ከፌስታሉ ይተካል። ነጥቡን ለትንንሾቹ በፊደል አንድ አንድ አድርጉ። ለትልልቆቹ የስክራብሉን ተጠቀሙ፣ ኪውና ዜድ 10፣ ጄና ኤክስ 8፣ ኬ 5፣ ኤፍ ኤች ቪ ደብሊው ዋይ 4፣ ቢ ሲ ኤም ፒ 3፣ ዲና ጂ 2፣ ሌላው 1። በዚ ሂሳብ ቀበሮ 13 ነው፣ ጫት 12፣ ብር 6፣ ነጥቡን ራሳቸው ይደምሩት።

20 ደቂቃ በቂ ነው፣ ልጁ ገና ሳይጠግብ አቁሙት። መብራት ከጠፋም ይሄ ጨዋታ ቻርጅ አይፈልግም፣ አንድ ሻማ መሀል ላይ ካለ ይሄዳል፣ እንደውም ቴሌቪዥን ስለማይኖር ያኔ ነው ሁሉም ሰብሰብ ብሎ የሚጫወተው።

ሦስት ፊደል ሲበቃቸው ቀጣዩ ሁለት ክዳን አጣብቆ እንደ አንድ ድምፅ መጠቀም ነው። ኤስና ኤች "ሽ"፦ ኤስ-ኤች-አይ-ፒ መርከብ፣ ኤስ-ኤች-ኦ-ፒ ሱቅ፣ ኤፍ-አይ-ኤስ-ኤች አሳ። ሲና ኤች "ች"፦ ሲ-ኤች-አይ-ኤን አገጭ፣ አር-አይ-ሲ-ኤች ሀብታም። እነዚን ሁለቱን የቁቤ ልጆች እንዳሉ ያውቋቸዋል፣ እዚህ ላይ እነሱ አስተማሪ ይሁኑ። ቲና ኤች ግን ለሁሉም አዲስ ነው፣ ቲ-ኤች-አይ-ኤን ቀጭን ማለት ነው፣ ምላስ ጥርስና ጥርስ መሀል ካልወጣ ኤስ-አይ-ኤን ይሆናል፣ እሱ ኃጢአት ነው። መስታወት ፊት አቁሙትና የምላሱ ጫፍ እስኪታየው አየር ያስወጣ፣ ሲይዝለት ቲ-ኤች-አይ-ኤስን ስጡት፣ ይሄ ማለት ነው፣ ምላሱ እዛው ሆኖ ጉሮሮ እየነዘረ፣ እጁን ጉሮሮው ላይ አስይዙትና ልዩነቱን በጣቱ ይስማው።